የኋላ መርገጫ

ሙሉሰው የሞተሯን የኋላ ጎማ በመዳፉ መትቶ አሽከረከረውና ጎንበስ ብሎ ጆሮውን ወደ ሰንሰለቱ አስጠጋ።

"ይሰማሃል?"

"ምኑ?" አለ ሱልጣን።

"ይኼ ቅር፣ ቅር የሚለው ነዋ። ላልቷል፤ ዘይት ከቀመሰም ቆይቷል። በዚህ ሰንሰለት እናትህ አገር አልቾ ድረስ ልትወጣ ነበር?"

"አጥብቀው እንግዲህ።"

"አጠብቀዋለሁ። የፍሬን ሸራውን ቀይሬዋለሁ፣ ካንዴላውን አጽድቻለሁ። አንድ መለዋወጫ ካላማዳሪያ ከወንበሩ ሥር እሸጉጥልሃለሁ፤ ከቡታጅራ ወዲያ ጎሚስታ ፍለጋ ሞተር እየገፋህ እንዳትንከራተት። አሁን የቀረው የፊት መብራቱ ነው። ተቃጥሏል፤ ሽቦውም ተበልቷል።"

"እሱን ተወው።"

"እንዴት ነው የምተወው?"

"ነገ ሱብሂ ሰግጄ እነሳለሁ፤ አሱር ሳይደርስ እናቴ ቤት ነኝ። በቀን ለሚሄድ ሰው መብራት ምን ያደርግለታል?"

ሙሉሰው አልተስማማም፤ ግን ባለሞተሩ እሱ አይደለም። መፍቻውን አንስቶ ወደ ሰንሰለቱ ተመለሰ። የሙሉሰው ጋራዥ ለቡ መብራት ኃይል፣ ከአስፋልቱ ዳር የቆመች የቆርቆሮ ቤት ናት። ሱልጣን የመኪናና የሞተር ወንበር ልብስ የሚሰፋባት ክፍል ደግሞ ከእሷ ጋር አንድ ግድግዳ ትጋራለች። ሁለቱ ሰዎች ለዓመታት መዶሻና የስፌት መኪና ሲሰማሙ ኖረዋል። ሙሉሰው ወሬ ይወዳል። የሞተሩን በሽታ በጆሮው ያገኘዋል፤ የባለቤቱን ደግሞ በጥያቄ። የሚያስከፍለው ግን ለመጀመሪያው ብቻ ነው።

"ሬድዋንስ? ዘንድሮም ለአረፋ አይመጣም?"

"አይመጣም።"

"ያ ከሃዲ! ይህችን ሞተር ሲገዛ እዚሁ ቁጭ ብሎ፣ 'ሙሌ፣ በየዓመቱ በእሷ ነው አገሬ የምገባው' ብሎኝ አልነበር? ደህና ነው ግን?"

"ደህና ነው፤ አልሐምዱሊላህ።"

ሱልጣን ይህን ሲል ድምፁ አልተንቀጠቀጠም። ወንበሩን ከሞተሯ ላይ አንስቶ በክንዱ ሥር ያዘና ወደ ክፍሉ ገባ።

ሬድዋን፣ ታናሽ ወንድሙ፣ ከሞተ ወር አልፎታል። ደቡብ አፍሪካ፣ ሱልጣን ስሟን አጥርቶ በማይጠራት ትንሽ ከተማ፣ ለሱቁ ዕቃ ጭኖ ሲመለስ መኪናው ተገለበጠ። የአገሩ ልጆች እዚያው ቀበሩት። ስልኩ የተደወለ ጊዜ ሱልጣን የታክሲ ወንበር እየሰፋ ነበር። ሰማና "ኢናሊላሂ" አለ። ስልኩን ዘግቶ ወንበሩን ሰፍቶ ጨረሰ፤ ለሹፌሩም አስረከበ። ማታ ቤቱ ገብቶ ራት በላ። ለሚስቱ ለሐሚዳ የነገራት ሰሃኑ ከተነሳ በኋላ ነው።

ከዚያ ቀን ወዲህ እንባ አልመጣለትም። ቢጠብቀው፣ ቢጠብቀው የለም። ሰው ሲቀልድ ይስቃል፤ ዋጋ ሲጠይቁት ይመልሳል፤ ሌሊት ይተኛል። የሞተውን ልጅ እኮ በጫንቃው ተሸክሞ ነው ያሳደገው። ታዲያ ምን ነካኝ ይላል፤ ይልና ወደ ስፌቱ ይመለሳል። ደንዝዟል። ጥርሱን ለማስነቀል መርፌ የተወጋ ሰው ጉንጩን ቢነካካው የሌላ ሰው እንደሚመስለው፣ ሱልጣንም መላ አካላቱ የሌላ ሰው ሆኖበታል።

የወንበሩን አሮጌ ልብስ ቀደደው። የፊቱ ስፖንጅ ደህና ነው፤ የኋላው፣ ሬድዋን የሚቀመጥበት፣ ጎድጉዷል። ወንድማማቾቹ ለአረፋ በዚህች ሞተር ነበር የሚሄዱት፤ ሱልጣን እየነዳ፣ ሬድዋን ከኋላ ዕቃ ታቅፎ፣ ከዓለምገና እስከ ቡታጅራ እየዘፈነ። ሬድዋን ባሕር የተሻገረ ዓመት ሱልጣን የኋላውን የእግር መርገጫ አስፈትቶ በቦታው የዕቃ መጫኛ ብረት አስገጠመ። የሚጭነው ሰው አልነበረውማ። አሁን በጎደጎደው ላይ አዲስ ስፖንጅ ሞልቶ ልብሱን ወጠረበት። ስፌቱ ቀጥ ብሎ ወጣ፤ እጁ እንደሆነ ሥራውን አልረሳም።

እናቱ ግን አልሰሙም።

መርዶ በስልክ አይነገርም። ልጅም ብቻውን ሄዶ ለእናቱ አይነግርም። መርዶ ነጋሪ ሽማግሌ ይዞ በጨለማ ይጓዛል፤ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ፣ አፉም እህል ሳይቀምስ፣ ጎህ ሲቀድ ደጃፍ ላይ ይቆማል። በዚያ ሰዓት ሽማግሌ በሩ ላይ ቆሞ ያየ ሰው ገና ሳይነግሩት ያውቀዋል። ይህን የሚያውቁት የሱልጣን አጎት፣ የአባቱ ወንድም ሐጂ ሃምዛ፣ በመጀመሪያው ሳምንት መኪና ተከራይተው ሊወርዱ ተነስተው ነበር። ዋዜማው ላይ እናትየው ደም ግፊታቸው ተነስቶ ወራቤ ሆስፒታል ገቡ፤ ነገሩ ተላለፈ። ሲሻላቸው አረፋ ቀረበ፤ እንደገና ተላለፈ። በመሀል እናትየው "ሬድዋን ስልኩን አያነሳም" ብለው ደወሉ። "ስልኩ ተሰርቆበታል" ያላቸው ሱልጣን ነው። ሐጂ በል አላሉትም፤ አፉ ላይ መጣለትና አለው።

የሰፋውን ወንበር ለሙሉሰው ሰጠና ታክሲ ይዞ ወደ ነፋስ ስልክ ሄደ።

ሐጂ ሃምዛ ብርድ ልብስና ጨርቃ ጨርቅ ይሸጣሉ። ሱልጣን ሲገባ ደንበኛ እያስተናገዱ ነበር፤ በዓይናቸው ወደ ጓዳ ላኩት። ቆይተው ተከተሉትና በላስቲክ የተጠቀለለ ነገር ከመደርደሪያ አወረዱ።

"ይኸው። ከሬድዋን ነው በላት።"

ሱልጣን ላስቲኩን ገለጥ አደረገ። ቀይ ቀሚስ ነው፤ ደረቱ በወርቅማ ክር ተጠልፏል፤ የሚመሳሰል ሻሽ አለው። ሬድዋን ከሄደ ጀምሮ አንድ አረፋ ሳያሳልፍ ለእናቱ ቀሚስ ይልካል። ሁልጊዜም ቀይ ነው።

"መጀመሪያ ሌላ ገዝቼ ነበር" አሉ ሐጂ። "ዳማ ያለ ነገር ነው። ቤት ወስጄ ሳየው የሱን ምርጫ አይመስልም። ተመልሼ ቀየርኩት።"

"ሐጂ፣ ሳልወስድላት ብሄድስ?"

"ምን ትላታለህ?"

"ዘንድሮ አልተመቸውም እላለኋ።"

"እንዲህ ያልካት ለት ታውቃለች። እሱ ሳይበላ ይውላል እንጂ ቀሚሷን አያስቀርም።" ብርድ ልብስ ክምር ላይ ተቀመጡ። "ስማኝ ልጄ። እኔ ጉድ ልሠራት አይደለም። የእናትህ ወንድም ሕዝቅኤል እንኳን አልሰማም፤ ወራቤ ነው ያለው፣ ቢሰማ ያኔውኑ ነው እህቱ ዘንድ የሚወጣው። ለምን የደበቅሁ ይመስልሃል? ይህችን አንዲት አረፋ ትዋል ብዬ ነው። አንዲት ብቻ። ከዚህ በኋላ አረፋ የላትም። በዓሉ ካለፈ በኋላ ሽማግሌ ይዤ እወርዳለሁ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፤ ምን አስቸኮለን?"

 ሐጂ ቀሚሱን ከሱልጣን እጅ ተቀብለው መልሰው አጠፉት። የጥልፉን ክር በጣታቸው ደጋግመው አስተካከሉ። ሬድዋን ልጅ ሆኖ ከገጠር ሲመጣ በዚህ ሱቅ ውስጥ፣ በእነዚህ ብርድ ልብሶች ላይ ነው ያደረው። ሰውዬውም ሐዘናቸውን ሆድ ይፍጀው ብለው ይዘውት ነው እንጂ ከማንም አያንስም።

"ሳይጨማደድ እንዲደርስ ከላይ እሰረው" አሉት።

ቤቱ ጀሞ ሦስት ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሐሚዳ ሳሎኑን የጉዞ ዕቃ ሞልታዋለች፤ ስኳር፣ የገላ ሳሙና፣ የእናትየው የግፊት መድኃኒት፣ የዝናብ ልብሱ፣ ወፍራም ጃኬቱ፣ ጓንቱ። በየዓመቱ እሷ ናት የምታዘጋጀው። ዕቃ ስትጠቀልል አየር አታስቀርበትም፤ ሁሉም ነገር ከጡብ ያልተናነሰ ሆኖ ይወጣል። አሁን ግን ሱልጣን ያመጣውን ጥቅል ከፈተችና እጇን ሰበሰበች።

"ይኼ ምንድን ነው?"

"ከሬድዋን ነው በል ብለው ነው ሐጂ የሰጡኝ።"

"እሺ ብለህ ተቀበልክ?"

"ምን ልበል?"

ሐሚዳ ሶፋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። የምትቆጣ መስሎት ነበር፤ አልተቆጣችም።

"የአባቴን መርዶ እንዴት እንደሰማሁ ታውቃለህ አይደል?"

"በሰርግ ማግሥት።"

"ያን ነው የምታውቀው። አባቴ የሞተው ከሰርጉ በፊት ነው። የአክስቴ ልጅ ሰርግ ነበር፤ እኔ ሚዜ ነኝ፤ እናቴ ሰርጉ ይለፍላት አለች። እነሱ አውቀው ዝም ብለዋል። እኔ እጨፍራለሁ፤ እጄን እስከ ክርኔ ሂና ተቀብቻለሁ። በነጋታው ጎህ ሳይቀድ ሽማግሌዎቹ መጡ።" መዳፏን ገልብጣ አየችው። "ሂና ታውቀዋለህ፣ አይለቅም። በሳሙና አሸሁት፤ በበረኪና አሸሁት። ቆዳዬ ተላጠ እንጂ እሱ እዚያው ነው። ለቅሶ ደራሹ እጄን ሲይዝ ያየዋል። እኔም ለቅሶ ላይ ተቀምጬ ቀን ሙሉ የማየው እሱን ነው። አባቴን አፈር ሲያለብሱት እኔ ይህንን እያሳመርኩ ነበር እላለሁ። እስከ ዛሬ እናቴን በዚህ ነው ቅር የምላት። አባቴን የወሰደው አላህ ነው፤ እሱን ማን ይጠይቃል?"

"ሐጂ እኮ ለእሷው ብለው ነው።"

"እናቴም ለእኔው ብላ ነው" አለች ሐሚዳ። "ሐጂ የእናትህን ሐዘን በሳምንት ያዘገዩላቸዋል። እሳቸው ግን ዕድሜያቸውን ሙሉ የሚያስቡት ያችን ሳምንት ነው። ልጄ ከሞተ በኋላ ቀይ ለበስኩ ብለው።"

ሱልጣን አዳመጣት። እውነቷን እንደሆነ ገባው። ገባው እንጂ አልተሰማውም፤ በመስታወት ወዲያ ማዶ የምታወራ ይመስለው ነበር። ምሳ አቀረበችለት፤ በላ። ዕቃውን በሁለት ኬሻ ከትተው ወደ ታች ሲያወርዱ ቀሚሱን እሱ ያዘው። ሐሚዳ አልነካችውም።

"እኔ አላስርም" አለችው ደረጃው ላይ። "ካሰርከው አንተ እሰረው።"

ጋራዥ ሲደርስ ሞተሯ ታጥባ ደጅ ቆማለች። ሙሉሰው ሰንሰለቱን አጥብቆ፣ ጎማውን ነፍቶ፣ አዲሱን ወንበር ገጥሞ ጨርሷል። ሰማዩ በፉሪ በኩል ጠቁሯል። አልቾ ላይ ከደገመው ዳገቱ ጭቃ ይሆናል፤ መኪና አይወጣውም፤ ሞተርም ቢሆን የሚወጣው የሚያውቀው ሰው ከነዳው ነው። ሱልጣን ያውቀዋል። ሐጂስ ከበዓል በኋላ ሽማግሌ ጭነው በየትኛው መኪና ሊወጡት እንዳሰቡ አልጠየቃቸውም ነበር።

ኬሻዎቹን መጫኛው ላይ አደላድለው በካላማዳሪያ ቁራጭ ወጥረው አሰሩ። ቀሚሱን ሱልጣን ከላይ አስቀመጠው። በላስቲኩ ውስጥ ቀዩ ይታያል።

"ሙሽራ ልታመጣ ነው እንዴ?" አለ ሙሉሰው። "ሐሚዳ ታውቃለች?"

ሱልጣን ሳቀ። ሳቁ በሰዓቱ ወጣ። ወዲያው ስልኩ ጮኸ፤ እናቱ ናቸው።

"ሱልጣን" አሉት በስልጥኛ። እናቱ ስልክ ሲያወሩ ጉድባ ማዶ ያለ ሰው እንደሚጠሩ ነው። "ነገ ነህ አይደል?"

"ነገ ኢንሻአላህ፣ እማ።"

"ዝናቡ በርትቷል። ዳገቱ ላይ በቀኝ በኩል ተንዷል፤ በግራ ያዝ። ሰማኸኝ?"

"ሰማሁ። አንቺ እንዴት ነሽ? መድኃኒትሽን ትወስጃለሽ?"

"እወስዳለሁ። ተወኝ አሁን እሱን። አንድ ነገር ልንገርህና ሳቅብኝ። ሪሐና ሂና ገዝታለች። ነገ ማታ ልትቀባኝ ነው።"

ሪሐና ከእናታቸው ጋር የምትኖር ታናሽ እህታቸው ናት። ከዋናው በዓል ቀድሞ የሚውለው የሴቶች አረፋ ከነገ ወዲያ ነው፤ ሴቶች በዋዜማው ማታ ተሰብስበው ይቀባሉ።

"አንቺን?" አለ ሱልጣን።

"እኔን! አሮጊት አይቀባም ስላት እምቢ አለችኝ። አባታችሁ ከሞተ ወዲህ ሂና እጄን ነክቶት አያውቅም፤ ታውቃለህ።" ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ለማንም አልተናገርኩም እንጂ የሬድዋን ስልክ እምቢ ሲለኝ ክፉ ክፉው ነበር የሚታየኝ። እንቅልፍ የለ፣ ምግብ የለ፤ በሽታውንም ያመጣብኝ እሱ ነው። ያን ለት አንተ፣ 'ደህና ነው፣ የተሰረቀው ስልኩ ነው' አልከኝ። ሌላ ሰው ቢነግረኝ ኖሮ አላምንም ነበር። አንተ ግን ከልጅነትህ ውሸት አታውቅበትም። ስልኩን ዘግቼ ለአላህ ተሳልኩ። ዘንድሮ እንደ ልጃገረድ እጄን ተቀብቼ፣ የላከልኝን ለብሼ ነው አረፋን የምውለው አልኩ።"

ሱልጣን ኬሻዎቹ ላይ ወደተቀመጠው ቀሚስ ዞረ።

"አለህ?"

"አለሁ፣ እማ።"

"በል፣ ሒሳቤ ይቆጥራል። በግራ ያዝ።"

ስልኩ ተዘጋ። ሱልጣን ስልኩን በእጁ እንደያዘ ቆመ። የቀሚሱን ነገር አጎቱ ነው ያመጣው፤ ሂናውን ግን በውሸቱ ያመጣው እሱ ራሱ ነው። ነገ ከአሱር በፊት ይደርሳል። እናቱ ይስሙታል፤ ዕቃውን ይፈታሉ። ማታ ሪሐና የእናቱን እጅ ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ስትቀባ እሱ ፋኖስ ይይዝላታል። ከዚያ ሐጂ ይመጣሉ፤ ወይም ዝናቡ ይይዛቸውና ይቆያሉ። እናቱ በቀላ እጃቸው ፊታቸውን ይመታሉ።

ሙሉሰው የካላማዳሪያውን ጫፍ ይዞ ይጠብቀዋል።

"ያዘው በዚያ በኩል፤ አንዴ ልሳበው።"

"ፍታው" አለ ሱልጣን።

"ምኑን?"

"ዕቃውን። መጫኛውንም ንቀለው። የኋላው መርገጫ አለህ? ያስፈታሁህ?"

ሙሉሰው አየው። ሊቀልድ አፉን ከፍቶ ነበር፤ የሱልጣንን ፊት ሲያይ ዘጋው። ከመደርደሪያው የብሎን ማስቀመጫውን የዱቄት ወተት ጣሳ አውርዶ ጆንያ ላይ ገለበጠው። አንደኛው መርገጫ ወዲያው ተገኘ፤ ሁለተኛውን ከብሎን መሀል በጣቱ እየፈለገ አወጣው። በመርገጫው ጎማ ስንጥቅ ውስጥ የደረቀ ቀይ ጭቃ ነበር። ሙሉሰው በካቻቢቴ ሊፍቀው ሲል ሱልጣን እጁን ያዘው።

"ይቆይ። እንዳለ ግጠመው።"

"ማንን ልትጭን ነው?"

"የእናቴን ወንድም። ወራቤ ነው ያለው፣ ሕዝቅኤል ይባላል።"

"በዚህ ዝናብ? ሽማግሌ ሰው?"

"አዎ። ሄልሜት ታውሰኛለህ ለእሱ።" ሱልጣን ወደ ሞተሯ ፊት ዞረ። "የፊት መብራቱንም ሥራልኝ። አሁን ነው የምነሳው። ወራቤ አመሻለሁ፤ ሳይነጋ ዳገቱን ወጥተን እቤት መድረስ አለብን።"

ሙሉሰው መርገጫውን ጆንያው ላይ አስቀመጠ። የጎጃም ሰው ነው። በእሱም አገር ሽማግሌ ጭኖ፣ ሌሊቱን ተጉዞ፣ ሳይነጋ ደጃፍ የሚደርስ ሰው ምን ይዞ እንደሚሄድ ሕፃን ያውቃል።

"ማነው?" አለ በመጨረሻ።

"ሬድዋን።"

"ጠዋት ደህና ነው አልከኝ እኮ።"

"አዎ። ብዬሃለሁ።"

ሙሉሰው ጨርቅ አንስቶ እጁን መጥረግ ጀመረ። ጠረገ፤ ጠረገ፤ ዘይቱ ለቆ ካለቀም በኋላ ይጠርግ ነበር። "እግዜር ያጽናችሁ" አለና ፊቱን ወደ ጋራዡ አዙሮ አምፖል ፍለጋ ገባ።

ሱልጣን ሐሚዳ ጋ ደወለ።

"ዛሬ ነው የምሄደው። አሁን።"

 ሐሚዳ ገባት፤ ለምን ብላ አልጠየቀችውም።

"ወፍራሙን ጃኬት ከውስጥ ልበሰው" አለችው። "አልቾ ሌሊት ይበርዳል። የእናትህን መድኃኒት እንዳትረሳ፤ በኪስህ ያዘው። ሪሐና ውሃ አዘጋጅታ ትቁም፤ መጀመሪያ ይዋጡት፣ ከዚያ።"

"እሺ።"

"ለሐጂስ ምን ልበላቸው?"

"ወራቤ ስደርስ እኔው እነግራቸዋለሁ። ቀሚሱ ሙሉሰው ጋ ነው፤ መጥተው ይውሰዱት።"

ሐጂ መጀመሪያ እንደሚቆጡ ያውቃል። ሽማግሌ ሳይመክሩበት፣ በዓል ዋዜማ፣ መንደሩን ሁሉ ለቅሶ ሊያስቀምጥ ነው። ምናልባትም እሳቸው ልክ ይሆኑ ይሆናል፤ ምናልባት የእናቱ ደም ግፊት ለዚያች ጠዋት አይችል ይሆናል። ይህን ሁሉ አሰበው። ኬሻዎቹን አንድ በአንድ ተሸክሞ ስፌት ቤቱ ውስጥ አስገባ። ስኳሩም ሳሙናውም ይቅር፤ ለቅሶ ቤት ሌላ ሰው ያመጣዋል። ቀሚሱን ከስፌት መኪናው ላይ አኖረውና ተመልሶ አነሳው፤ ዘይት እንዳይነካው መደርደሪያ ላይ ሰቀለው። መድኃኒቱን በጃኬቱ የውስጥ ኪስ ከተተ። የዝናብ ልብሱን ደረበ።

ሙሉሰው የተበላውን ሽቦ ቆርጦ አዲስ ቀጠለበት፤ በላስተር ጠቀለለው፤ አምፖሉን ገጠመ።  መርገጫዎቹን ሲያጠብቅ በጉልበቱ ተንበርክኮ ነበር፤ ጨርሶ በእጁ ተጭኖ ሞከራቸው፤ አልተነቃነቁም። የራሱን ሄልሜት አመጣና አዲሱ ወንበር ላይ፣ በኋላ በኩል፣ በገመድ አሰረው።

"አስነሳት" አለ።

ሱልጣን ረገጣት፤ ሞተሯ በመጀመሪያው ተነሳች። የመብራቱን ማብሪያ ገፋው።

"በራ?"

ገና ቀን ነው፤ ምንም አይታይም። ሱልጣን ከሞተሯ ሳይወርድ ጎንበስ ብሎ መዳፉን ከመብራቱ መስታወት ፊት አስጠጋ። መዳፉ ቀላ፤ በጣቶቹ መሀል ያለው ሥጋ ሁሉ ቀላ። እጁን እዚያው ይዞ ቆየ።

"በርቷል" አለ። "ያቃጥላል።"